የክትባት መርማሪዋ የእማማ ድንጉጥ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች ሆይ፤ ዛሬ የምንሸኛቸው እናት ሰባ ሁለት ዓመት እንዴት እንደ ኖሩ፣ ምን እንደ ሠሩና ምን እንደ ፈሩ በአጭሩ ስናሰማ ጆሯችሁን እንድታውሱን በትሕትና እንለምናለን። ምን እንደ ፈሩ ማለታችን በስሕተት አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሴት ልጃቸው ስትሆን፣ አብዛኛውን በሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ከራሳቸው አንደበት የሰማችው ነው፤ እሳቸውም «ደፋር ነበረች ብላችሁ እንዳትዋሹብኝ» ብለው አስቀድመው አስጠንቅቀዋታል።

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና ጡት ሳይጥሉ በር ሲንኳኳ ይንቀጠቀጡ፣ የአባታቸው የስፌት መኪና በድንገት ሲነሳም ያለቅሱ ስለ ነበር፣ አባታቸው «ድንጉጤ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ይህ ስም ከቤት ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት፣ በኋላም ወደ ሥራ ቦታ ተከትሏቸው ሄዶ፣ በስተርጅና «እማማ ድንጉጥ» እስከ መባል አደረሳቸው፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ተቀይመውበት አያውቁም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው፣ በሞቃት አገር በእርሻ ሥራ ላይ የከረሙት ታላቅ ወንድማቸው ትኩሳት ይዟቸው ወደ ቤት ተመለሱ። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ትኩሳቱ ግን ጥቂት ቀን እየተወ እንደገና ይነሳ፣ ክንድና እግራቸው እየከሳ ሲሄድ የሆዳቸው ግራ ጎን ብቻ እያበጠ ይሄድ ጀመር። በሽታው ካላዛር የሚባለው፣ በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተሕዋስ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ገብታ የምትራባበት ደዌ መሆኑ የታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር፤ በአራተኛው ወርም አረፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለወንድማቸው ውኃ የማድረስ ሥራ የእናታችን ነበር። እሳቸው ግን በሽታው በትንፋሽ የሚይዛቸው መስሏቸው፣ ኩባያውን ከመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ይሮጡ ነበር። ደዌውን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ እንጂ የሰው ትንፋሽ አለመሆኑን በትምህርት ቤት ሲማሩ ወንድማቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። ያን ቀን ከክፍል ወጥተው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ማልቀሳቸውን ለልጃቸው ነግረዋታል።

ከዚያ ቀን በኋላም ሆነ በፊት፣ ጠዋት ሲነቁ የግራ ጎድናቸውን ሥር በጣት መጫን፣ ጣፊያ አብጦ እንደ ሆነ መፈተሽ ልማዳቸው ሆኖ ቀረ። የሚፈሩትን ነገር በሌላ ሰው ወሬ ከሚሰሙ በዓይናቸው ቢያዩት እንደሚሻላቸው አስበው በዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወትን አጠኑ፤ በጥሩ ውጤት ከተመረቁም በኋላ በአንድ የምርምር ተቋም በጥገኛ ተሕዋሳት ክፍል ተቀጠሩ። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ከመደሰት ይልቅ ግራ ገባው። እናታቸው «አንቺ ልጅ፣ ከዓለም ሥራ ሁሉ እሱን መረጥሽ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ከማላየው የማየው ይሻለኛል» ብለው መለሱ።

የተቀጠሩበት ሥራ በአይጦች ላይ ክትባት መፈተን ነበር። ነገሩ ለሰሚ እንዲህ ነው፦ ተሕዋሷን ገድሎ፣ ከአካሏ ጥቂት ፕሮቲን ወስዶ፣ ሊፖዞም በምትባል፣ ከስብ በተሠራች እጅግ ደቃቅ አረፋ ውስጥ ከትቶ ለአይጥ በመርፌ መስጠት ነው። የአይጧ ሰውነት አረፋዋን ሲውጥ ጠላቱን አስቀድሞ ይለያል፣ እውነተኛዋ ተሕዋስ ስትመጣም ተሰናድቶ ይጠብቃታል ተብሎ ይታሰባል። ይህ እውነት መሆኑን ለማወቅ ግን የተከተቡትንም ያልተከተቡትንም አይጦች ሕያው ተሕዋስ መውጋት፣ ሳምንታት መጠበቅ፣ ከዚያም ጣፊያቸውን አውጥቶ በሚዛን መመዘንና ተሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ መቁጠር ያስፈልጋል። ወንድማቸውን የገደለችውን ተሕዋስ በመርፌ ቀድቶ በአይጥ ጭራ የደም ሥር የመስጠቱ ሥራ የእናታችን ሆነ።

የአይጥ ቤቱ ከሕንፃው ምድር ቤት፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ መስኮት የሌለው፣ የአየር ማስገቢያው ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ክፍል ነበር። የዚያ ቤት ጠባቂ፣ ለአይጦቹ መጎዝጎዣ የሚሆን ጥጥ ከኪሳቸው የማይጠፋ፣ በዚህም ምክንያት ሰው ሁሉ «ጋሼ ጥጥ» የሚላቸው አዛውንት ነበሩ። አይጦቹን «ተማሪዎቼ» ይሏቸዋል፤ አንዷ ስትሞት «አቋረጠች» ብለው ይመዘግባሉ፤ አዲስ ሲመጣም «ተዛውሮ የመጣ» ይላሉ። እናታችን በመጀመሪያው ቀን አይጥ ነክሳቸው ሲጮኹ፣ ጋሼ ጥጥ ሮጠው መጥተው ያባበሉት አይጧን እንደ ነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር።

በሥራቸው በሁለተኛው ዓመት የክትባቱ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ጠጋኝ ተጠራ። እናታችን የዓመት ድካም ሊበላሽ ነው በሚል ጭንቀት ከጠጋኙ ጀርባ ቆመው ሦስት ሰዓት ሙሉ አልላቀቅ ስላሉ፣ ሰውየው ቀና ብለው «እኅቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ካላሉ ማቀዝቀዣው ከትንፋሽዎ የተነሳ አይቀዘቅዝም» አሏቸው። በዓመቱ ተጋቡ። እናታችን የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ድምፅ እንዳለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉትን እኒህን ሰው ማግኘታቸውን እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጥሩት ነበር። ሴት ልጃቸውንም ወለዱ።

ልጅቱ አራት ዓመት ሲሆናት፣ እናታችንም የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሳሉ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያ ነገር ሆነ። ሦስት ዓይነት የሊፖዞም ክትባት የወሰዱ አይጦች፣ ምንም ካልወሰዱት ጋር፣ በየሣጥናቸው በፊደል ብቻ ተለይተው ተደርድረዋል፤ የትኛው ፊደል የትኛው ክትባት እንደ ሆነ የሚገልጸው ወረቀት በታሸገ ፖስታ በጸሐፊዋ መሳቢያ ተቀምጧል። እናታችን ሠላሳ ስምንት አይጦችን ወግተው ሠላሳ ዘጠነኛዋን ጨርሰው መርፌውን ሲያወጡ አይጧ ተወራጨች፣ መርፌውም ጓንቱን በስቶ የግራ አውራ ጣታቸው ውስጥ ገባ። አልጮኹም። ጓንቱን አውልቀው ከቧንቧው ሥር ደሙን እየጨመቁ ሩብ ሰዓት ቆሙ፤ ከዚያም መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተሕዋሷን ዓይነት በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት አሰፈሩ። ጋሼ ጥጥ ፊታቸውን አይተው ምን እንደ ሆኑ ቢጠይቋቸው፣ «ተወጋሁ» አሏቸው።

የተቋሙ ሐኪም በመርፌው ጫፍ የቀረው እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ላይታመሙም እንደሚችሉ፣ ቢሆንም በሽታው ሳይታይ ስምንት ወር ሊደበቅ ስለሚችል በየሁለት ሳምንቱ ደማቸው መመርመር እንዳለበት ነገሯቸው። ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፍ እንደ ሆነ ሲጠይቁም ሐኪሙ «አልፎ አልፎ» አሉ። እናታችን ለልጃቸው እንደ ነገሯት፣ ከመርፌው ይልቅ የወጋቸው ያ «አልፎ አልፎ» ነበር።

ለባለቤታቸው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነግሩ ቆዩ። ትንሿን ልጃቸውን መሳም አቆሙ፤ ኩባያቸውን ለብቻ አስቀመጡ፤ በትንፋሽም በኩባያም እንደማይተላለፍ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ሳሉ ማለት ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባለቤታቸው ያችን ኩባያ አንሥተው ውኃ ቀዱና ከፊታቸው ጠጡባት። «አሁን ንገሪኝ» አሏቸው። ሁሉንም ነገሯቸው። ባለቤታቸውም ሥራውን እንዲተዉ ለመኗቸው፣ እናታችንም «ብተወው ቤት ቁጭ ብዬ ሆዴን ስዳስስ ልውል ነው» ብለው እንቢ አሉ። በዚያ ሰሞን ጎድናቸውን የሚጫኑት ጠዋት ብቻ አልነበረም፤ በደረጃ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ወረፋ ሲጠብቁም ጭምር ነበር፤ ሆዳቸውም በእርግዝናው እየገፋ በመሄዱ የትኛው እብጠት የልጅ፣ የትኛው የሞት እንደ ሆነ መለየት እያቃታቸው መጣ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሉም ለምሳ ወጥተው ሳለ፣ እናታችን ማቀዝቀዣውን ከፍተው ከክትባቶቹ መካከል የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ብዙ ተስፋ የጣሉባትን ብልቃጥ አወጡ። ፕሮፌሰሩ ያችን ክትባት ከሌሎቹ ሁሉ አብልጠው ስለሚያወድሷት፣ በየስብሰባውም ስለሚያነሷት፣ ከብልቃጦቹ የትኛዋ እንደ ሆነች ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የትኛው የአይጥ ሣጥን እሷን እንደ ወሰደ ግን ፖስታው ሳይከፈት አይታወቅም። በመርፌ ቀዱ። ምናልባት ታድነኝ ይሆናል ብለው የራሳቸውን ክንድ ሊወጉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጋሼ ጥጥ የረሱትን ቆብ ሊወስዱ ሲመለሱ ያገኟቸው በዚህ ሁኔታ ነው። ሽማግሌው በሩን ቀስ ብለው ዘጉና፣ «የኔ ልጅ፣ ተማሪዎቼ ገና ፈተና ላይ ናቸው፤ ውጤት ሳይወጣ አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው ምስክር ወረቀት የምትወስጂው?» አሉ። እናታችን መርፌውን በማስወገጃው ዕቃ ውስጥ ባዶ አደረጉ፤ ምን ያህል ክትባት እንደ ባከነና ማን እንዳባከነውም በመዝገቡ ጻፉ። ያስቆማቸው ጥበብ ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን፣ ተሕዋሷንም ክትባቱንም እኩል መፍራታቸውን ሳይደብቁ ተናግረዋል።

ከመርፌው አደጋ በኋላ በአሥረኛው ሳምንት አይጦቹ ተመረመሩ። እናታችን ጣፊያዎቹን አንድ በአንድ እየመዘኑ ሲጽፉ፣ «ሐ» የሚል ፊደል ከተለጠፈበት ሣጥን የወጡት ጣፊያዎች ምንም ካልተከተቡት አይጦች ጣፊያ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ክብደት እንዳላቸው አዩ። ደግመው መዘኑ፤ በማይክሮስኮፕ ሲቆጥሩም ተሕዋሳቱ እንደ አሸዋ ፈስሰው አገኟቸው። ፖስታው በሁሉም ፊት ሲከፈት «ሐ» ያች የተወደሰችው፣ እሳቸውም ቀድተዋት የነበረችው ክትባት ሆና ተገኘች። አይጦቹን አልጠበቀቻቸውም፤ ይልቁንም ሰውነታቸው ለጠላቱ በር እንዲከፍት አድርጋለች። እናታችን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በሽታው ባለበት ሞቃት አገር በመንገድ ሥራ ላይ ካሉ ሠራተኞች መካከል አርባ ፈቃደኞች ያችን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ለመሞከር ተመዝግበው፣ የሚጀመርበት ቀንም ተቆርጦ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቀደም ባሉት ሙከራዎች ጥሩ ውጤት አይተው ስለ ነበር፣ የ«ሐ» አይጦች ቀድሞውንም ታመው የመጡ መሆን አለባቸው፣ ስለዚህ ከሪፖርቱ ይውጡ አሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ አሥራ አራት ሰው ነበር። እናታችን በስብሰባ ተናግረው አያውቁም። ያን ቀን የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ተነሡና፣ አይጦቹ ጤነኞች እንደ ነበሩ፣ የጋሼ ጥጥ መዝገብ እንደሚመሰክር፣ አርባው ሰዎችም ከመወጋታቸው በፊት ሙከራው መደገም እንዳለበት ተናገሩ። ፕሮፌሰሩ ተቆጥተው፣ «አንቺ ከተወጋሽ ወዲህ እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ ሁላችንም እናያለን፤ ይህ ልኬት የእጅሽ ነው» አሏቸው። እናታችንም «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሚዛኑ ግን አይንቀጠቀጥም። ካላመኑኝ በሌላ ሰው እጅ ያስደግሙት» ብለው ተቀመጡ። በኋላ ከሥራ እንደሚባረሩ እርግጠኛ ሆነው ዕቃቸውን በካርቶን መሰብሰብ እንደ ጀመሩ ልጃቸው መዝግባለች።

አልተባረሩም። ሙከራው በሌሎች ሁለት ባለሙያዎች እጅ እንዲደገም ተወሰነ፤ የአርባው ሰዎች ቀንም እስከዚያ ድረስ ተራዘመ። እናታችን በዚህ መካከል ወንድ ልጅ ወለዱ። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ከማቀፋቸው በፊት ሆዱን ለመዳሰስ እጃቸውን ዘረጉ፤ አዋላጇም «ቆይ እስቲ ይተንፍስ» ብላ መለሰቻቸው። ደሙ ተመረመረ፣ ንጹሕ ሆነ፤ የእሳቸውም ስምንተኛው ወር አልፎ ዘጠነኛው ገባ፣ ደማቸው ንጹሕ ሆኖ ቆየ። ሐኪሙ «አበቃ፣ ነጻ ነሽ» ሲሏቸው ግን ፍርሃቱ እንደ ሐኪሙ ቃል በአንድ ቀን አልለቀቃቸውም።

ሕፃኑ የሦስት ወር ልጅ ሲሆን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ወደ ቤታቸው መጡ። ከበሩ ላይ ቆመው፣ አልገባም ብለው፣ በእጃቸው የያዙትን ወረቀት አነበቡላቸው፤ የሁለተኛው ሙከራ ውጤት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነበር። «ልክ ነበርሽ። ሰዎቹን አሰናብቻቸዋለሁ። ይቅር በይኝ» አሉ። እናታችን አለቀሱ፤ ለቅሷቸው ግን የደስታ አልነበረም። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ እነዚያ አርባ ሰዎች ዛሬ ምን ላይ እንደሚሆኑ፣ ዝም ለማለትም ምን ያህል ቀርቧቸው እንደ ነበር በዚያች ቅጽበት ታይቷቸው ደንግጠው ነበር። ፕሮፌሰሩ ከዚያ በኋላ እናታችን ያልፈረሙበትን የሙከራ ውጤት ከክፍሉ አያስወጡም ነበር፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ ተከባብረው ሠሩ።

እናታችን በዚያ ተቋም በአጠቃላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። የአረፋዋ ስብ ዓይነት ሲለወጥ ያው ፕሮቲን አይጦችን መጠበቅ እንደሚችል በኋለኞቹ ዓመታት ከባልደረቦቻቸው ጋር አይተዋል፤ ያ ክትባት ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ ለሰው አልደረሰም፤ እሳቸውም ደርሷል እንዲባልላቸው አልፈለጉም። አዲስ ለሚቀጠሩ ሁሉ መርፌ አያያዝ ሲያስተምሩ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ትፈራላችሁ?» የሚለውን ነበር፤ አንፈራም ያሉትን ለሌላ ስድስት ወር መርፌ አያስነኳቸውም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ድካም ታመሙ። በመጀመሪያ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ መናገር፣ በመጨረሻም መተኛት አስቸገራቸው፤ ትራስ ተደራርቦላቸው ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። በሽታቸውን በጸጋ ተቀበሉ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ሞትን እጅግ ፈርተው ነበር። ሊጠይቋቸው የመጡ ወዳጆች «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ሲሏቸው፣ «ምንም ካልሆነ እስቲ አንቺ ተኚበት» ይሉ ነበር። ልጃቸው ወረቀት ይዛ ስትቀመጥም «ፈርታ ሄደች ብለሽ ጻፊ፤ በቀብሬ ቀን ከሚቀመጡት ውስጥ የሚፈራ ሰው አይጠፋምና ብቻውን እንዳይመስለው» ብለዋታል። ስለዚህ እንዳዘዙን ጽፈነዋል።

በመጨረሻው ሳምንት ዓይናቸውን ጨፍነው በየጥቂቱ «አለሽ?» ይሉ ነበር፤ ልጃቸውም «አለሁ፣ እማዬ» ትላቸዋለች። ባለቤታቸው ሲተኳት «አለህ?» ይላሉ፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «አለሁ» ይሏቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ከአጠገባቸው ሳሉ አንድ ጊዜ ጠየቁ፣ ሁለቱም መለሱላቸው፤ ዳግመኛ አልጠየቁም።

እናታችን ከማቀዝቀዣ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር አርባ አንድ ዓመት በትዳር የኖሩ ሲሆን፣ እኒህን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እኅት፣ በምርምር ተቋሙም መርፌ ይዘው ዛሬም የሚሠሩ ሃያ ሁለት ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። በአንድ መንገድ ሥራ ላይ የነበሩ፣ ማን ከምን እንዳዳናቸው ሳያውቁ ያረጁ አርባ ሰዎችም ከዚሁ ቢቆጠሩ አላበዛንም።

በመጨረሻም፣ በሕመማቸው ጊዜ ሳይሰለቹ ለረዷቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ በኀዘናችንም ከሩቅና ከቅርብ መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ተቀብሎ፣ እሳቸው ከኛ ሲሹት የነበረውን «አለሁ» የሚለውን ቃል እሱ ራሱ ይበላቸው፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።